ለስፓኒሽ ተናጋሪ አዲስ መጤዎች ማዕከል ሲከፈት፦ የሚያዋጡና የማያዋጡ አገልግሎቶች ግምገማ

አሜሪካ ውስጥ ለስፓኒሽ ተናጋሪ አዲስ መጤዎች በበጎ ፈቃደኞች ብቻ የሚሠራ ማዕከል ለመክፈት የሚነሣ ቡድን መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ክፍልና ስለ ወንበር ነው። ክፍልና ወንበር ግን አይጠፋም። የሚከብደው የትኛውን ሥራ ማዕከሉ ራሱ እንደሚሠራ፣ የትኛውን ለሌላ እንደሚያስተላልፍ፣ የትኛውን ጨርሶ እንደማይነካ መለየት ነው። መንግሥት በነጻ የሚሰጠው አገልግሎት አለ፤ በደቂቃ የሚከፈልበት አለ፤ ነጻ መስሎ ኋላ የሚያስከፍልም አለ። እዚህ የተገመገሙት አንድ አዲስ ማዕከል በመጀመሪያው ዓመት የሚያገኛቸው ናቸው። መለኪያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ነገሩ ቢበላሽ ዋጋውን የሚከፍለው ማነው? በጎ ፈቃደኛው ጊዜውን ብቻ የሚያጣ ከሆነ ይሞከር። ባለጉዳዩ የፍርድ ቤት ቀጠሮ የሚያልፍበት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ወረቀቱ

ከቀላሉ እንጀምር። ኢአይኤን የሚባለው የድርጅት መለያ ቁጥር ከፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት፣ ከአይአርኤስ፣ ድረ ገጽ በነጻ ይወጣል፤ ሞልተው ሲጨርሱ ቁጥሩ እዚያው ይሰጣል። በይነመረብ ላይ ሲፈለግ ቀድመው የሚመጡት ብዙ ጊዜ መንግሥታዊ የሚመስሉ የግል ገጾች ናቸው፤ ለዚሁ ነጻ ቁጥር ያስከፍላሉ። አድራሻው በ«ዶት ጎቭ» ካላለቀ መዝጋት ነው። ቅደም ተከተሉም ይጠበቅ፦ በመጀመሪያ ድርጅቱን በስቴቱ ማስመዝገብ፣ ቀጥሎ ኢአይኤን፣ ከዚያ የባንክ ሒሳብ፣ ከዚያ የግብር ነጻነት ማመልከቻ። ኢአይኤን አስቀድሞ ያወጣ ቡድን የመረጠው ስም በስቴቱ ተይዞ ካገኘው፣ ስማቸው የማይገጥም ሁለት ወረቀቶች ይዞ ባንክ ሲመላለስ ይከርማል።

ለግብር ነጻነቱ ሁለት ቅጽ አለ። ረጅሙ 1023 ሲሆን ክፍያው 600 ዶላር ነው፤ አጭሩ፣ 1023-ኢዜድ፣ 275 ዶላር ይከፈልበታል። በአጭሩ ማመልከት የሚችለው ዓመታዊ ገቢው ባለፉትም ሆነ በሚመጡት ሦስት ዓመታት ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ፣ ንብረቱም ከ250,000 ዶላር የማያልፍ ድርጅት ነው። ደመወዝተኛ የሌለው ማዕከል አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በታች ስለሚሆን አጭሩ ይበቃዋል። አንድ ወጥመድ ግን አለበት። አጭሩ ቅጽ የመመሥረቻ ጽሑፉን አያይዙ አይልም፤ ዓላማውን የሚገድበው አንቀጽና ድርጅቱ ሲፈርስ ንብረቱ ለማን እንደሚተላለፍ የሚናገረው አንቀጽ መኖራቸውን አረጋግጡ ብቻ ይላል። ሳያነብ «አዎ» ብሎ ያለፈ ቡድን ጉድለቱን የሚያውቀው ቆይቶ፣ ገንዘብ ሰጪ ድርጅት ጽሑፉን ሲጠይቀው ነው። ማመልከቻው ከምሥረታው ጀምሮ በ27 ወራት ውስጥ ከገባ፣ ነጻነቱ ከተመሠረተበት ቀን አንስቶ ይታሰባል።

ነጻነቱ ከተገኘ በኋላ በየዓመቱ 990-ኤን የምትባል አጭር መግለጫ በኢንተርኔት መላክ ግዴታ ነው፤ ገቢው በመደበኛነት 50,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ለሆነ ድርጅት ማለት ነው። ነጻ ናት፤ ጥያቄዎቿም ጥቂት ናቸው። የበጀት ዓመቱ ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ዲሴምበር 31፣ ለሚዘጋ ድርጅት የመጨረሻዋ ቀን ሜይ 15 ነች። ሦስት ዓመት በተከታታይ ካልተላከች ነጻነቱ ያለ ማንም ውሳኔ በራሱ ይሰረዛል። በበጎ ፈቃደኞች ድርጅት ውስጥ ይህ የሚደርሰው በስንፍና ሳይሆን፣ የይለፍ ቃሉን የምታውቀው ገንዘብ ያዥ ከተማ ስለምትለቅ ነው። መላክ የሚችሉ ሁለት ሰዎች ይኑሩ።

ይህ ሁሉ ለመጀመሪያው ዓመት ይበዛብናል ለሚል ቡድን፣ ነጻነት ባለው ሌላ ድርጅት ጥላ ሥር መሥራት አለ። አስጠጊው ድርጅት ሒሳቡን ይይዛል፤ ከሚገባው ገንዘብም ብዙውን ጊዜ ከመቶ 5 እስከ 10 ይወስዳል። ዋጋው ተገቢ ነው። ይሁንና ገንዘቡ በሕግ የአስጠጊው ነው፤ ቡድኑ ራሱን ችሎ ሲወጣ ቀሪው ሒሳብ እንዴት እንደሚተላለፍ በውሉ ላይ ካልተጻፈ አለመፈረም ይሻላል።

የኢሚግሬሽን ጉዳይ

አብዛኛው ባለጉዳይ መጀመሪያ ይዞት የሚመጣው ጥያቄ የኢሚግሬሽን ነው፤ ተራ በጎ ፈቃደኛ ሊመልሰው የማይገባውም ይኸው ነው። በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች ኖታሪዮ ማለት ሕግ የተማረና ሥልጣን ያለው ባለሙያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለው ኖታሪ ግን ፊርማ ከማረጋገጥ ብዙም ያለፈ ሥልጣን የለውም። «ኖታሪዮ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈው ማመልከቻ የሚሞሉ አጭበርባሪዎች የሚኖሩት በዚህ ልዩነት ነው። ደግ ልብ ያለው በጎ ፈቃደኛ ያንኑ ሥራ በነጻ ቢሠራው የተሳሳተው ቅጽ አይስተካከልም። የትኛው ቅጽ ይሻላል፣ ይህን ጥያቄ ምን ብዬ ልመልስ የሚሉት የሕግ ምክር ናቸው።

ለዚህ የተዘጋጀ ጥሩ መንገድ አለ፤ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶችን የሚያስተዳድረው ኢኦአይአር የሚመራው የእውቅና ፕሮግራም። ጠበቃ ያልሆነ ሰው ሠልጥኖ፣ እውቅና ባለው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት በኩል ባለጉዳይ እንዲወክል ይፈቅዳል። ድርጅቱ በቅጽ ኢኦአይአር-31፣ ወኪሉ በኢኦአይአር-31ኤ ያመለክታሉ፤ ማመልከቻው አይከፈልበትም። የድርጅቱ እውቅና 6 ዓመት፣ የወኪሉ 3 ዓመት ይቆያል፤ አዲስ ድርጅት መጀመሪያ የሚያገኘው የ2 ዓመት የሙከራ እውቅና ነው። ከፊል እውቅና ያለው ወኪል የኢሚግሬሽን ማመልከቻዎችን በሚያየው መሥሪያ ቤት፣ በዩኤስሲአይኤስ፣ ዘንድ ብቻ፣ ሙሉ እውቅና ያለው ደግሞ በፍርድ ቤትም ይቆማል። ፕሮግራሙ እጅግ ጥሩ ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት ግን አይሆንም። ሥልጠና፣ የሚቆጣጠር የሕግ ባለሙያ፣ የመዝገብ አያያዝ ሥርዓት ይጠይቃልና። እስከዚያው የሚያዋጣው ኢኦአይአር በየስቴቱ ለይቶ ካወጣቸው እውቅና ያላቸው ድርጅቶች ዝርዝር የቅርቡን መርጦ፣ በወር አንድ ቀን መጥተው በማዕከሉ እንዲያማክሩ መስማማት ነው። እነሱ ጠረጴዛና የተጣራ ወረፋ ይፈልጋሉ፤ ማዕከሉ ሁለቱንም ማቅረብ ይችላል።

ታዲያ በጎ ፈቃደኞቹ ምን ይሥሩ? ትንሽ የሚመስሉ፣ ግን ሰው የሚያድኑ አራት ሥራዎች አሉ።

የመጀመሪያው የፍርድ ቤት ቀጠሮ መፈተሽ ነው። የኢኦአይአር አውቶማቲክ ስልክ፣ 1-800-898-7180፣ በስፓኒሽም ይሠራል፤ በድረ ገጽም ያው መረጃ ይገኛል። የሚያስፈልገው በወረቀቱ ላይ በ«ኤ» የሚጀምረው ባለ 9 አኃዝ ቁጥር ነው፤ 8 አኃዝ ብቻ ካለው ከፊቱ ዜሮ ይጨመራል። ቀጠሮ ይቀየራል፤ የተቀየረው ደብዳቤ ወደ አሮጌ አድራሻ ይሄዳል፤ ያልቀረበ ሰው ላይ ደግሞ በሌለበት የመባረር ትእዛዝ ይሰጣል። ስለዚህ ለቤት ኪራይም ይምጣ ለትምህርት ቤት፣ ቁጥሩ ያለው ሁሉ ቀጠሮው ይታይለት። ቁጥሩን ባለጉዳዩ ራሱ ይጫን፤ በጎ ፈቃደኛው አይጻፈው።

ሁለተኛው የአድራሻ ለውጥ ሲሆን፣ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። ዩኤስሲአይኤስ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አካል ነው፤ ፍርድ ቤቱ የፍትሕ ሚኒስቴር ነው። ለአንዱ የተነገረ ለሌላው አይደርሰውም። ለዩኤስሲአይኤስ ኤአር-11 በ10 ቀን ውስጥ፣ ለፍርድ ቤቱ ኢኦአይአር-33 በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ መግባት አለባቸው። ሁለቱም ነጻ ናቸው። የፍርድ ቤቱ ቅጽ ቅጂ ለመንግሥት ጠበቃው ቢሮም ይላካል፤ ይህን መርሳት የተለመደ ነው።

ሦስተኛው አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ አሜሪካ የገቡት መቼ ነው? ጥገኝነት (አሳይለም) የሚጠይቅ ሰው፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በስተቀር፣ በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት። ዘጠኝ ወር ያለፈው ሰው የወሩን የምክር ቀን ወረፋ አይጠብቅም፤ በዚያው ሳምንት ወደ ጠበቃ ይላካል። ተቀባዩ ጥያቄውን ይጠይቅ፣ ቀኑ ቀርቦ እንደሆነ ይለይ፤ ከዚያ በኋላ አስተያየት አይስጥ።

አራተኛው ትርጉም ነው። ለዩኤስሲአይኤስ የሚቀርብ የልደት ወይም የጋብቻ ወረቀት በእንግሊዝኛ ትርጉም ይታጀባል። ተርጓሚው ባለሙያ መሆን አይጠበቅበትም፤ ሁለቱን ቋንቋዎች በሚገባ እንደሚችል፣ ትርጉሙም የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጦ መፈረም ግን አለበት። ስሙን፣ አድራሻውንና ቀኑን ይጨምር። የኖታሪ ማኅተም አያስፈልግም፤ ለዚህ ገንዘብ የሚቀበሉ ቢሮዎች ያለ ምክንያት ነው የሚቀበሉት። የሚበላሸው ማኅተሙ፣ በጠርዝ ላይ የተጻፈው ማስታወሻና የጀርባው ገጽ ሳይተረጎሙ ሲቀሩ ነው። የማይነበብ ቃል ካለ «አይነበብም» ተብሎ በቦታው ይጻፍ እንጂ አይዘለል።

አስተርጓሚ

ማዕከሎች ቶሎ የሚደክሙበት ሥራ ሰውን ወደ ሐኪም ቤት አጅቦ መሄድ ነው። አንድ ቀጠሮ የአንድ ሰው ግማሽ ቀን ይበላል፤ ለሕክምና ትርጉም ያልሠለጠነ ሰው ደግሞ የመድኃኒት መጠን ሲሳሳት ጉዳቱ የታካሚው ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና በጤና መድን ሕጉ ክፍል 1557 መሠረት አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ ማዕከሉ ማዘጋጀት ያለበት አጃቢ ሳይሆን ካርድ ነው፤ በእንግሊዝኛ «የስፓኒሽ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» የሚል፣ የኪስ ቦርሳ የሚገባ። ቀጠሮ ሲያዝ በስልክ እንዲጠየቅ፣ ሲደርሱም ካርዱ እንዲሰጥ ማስተማር ከአጃቢነት ይልቅ ብዙ ሰው ያደርሳል።

በደቂቃ የሚከፈልበት የስልክ አስተርጓሚ ለስፓኒሽ ብክነት ነው፤ ስፓኒሽ የሚችል በጎ ፈቃደኛ ከሌለ ማዕከሉ ራሱ መኖር የለበትም። ለሌላ ነገር ግን ያስፈልጋል። ከጓቲማላ ከሚመጡት ብዙዎች አፍ የፈቱት በማም፣ በኪቼ ወይም በቄክቺ ሲሆን ስፓኒሽ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው። ሲጠየቁ «ሲ» እያሉ በጨዋነት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ የተስማሙ ይመስላል፣ ያልገባቸው ናቸው። ምልክቱ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» መሆኑ ነው። የመቀበያ ቅጹ የመጀመሪያ ጥያቄ «ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ ይነጋገራሉ?» ይሁን። ለእነዚህ ቋንቋዎች አስተርጓሚ ወዲያው ስለማይገኝ ቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል፤ አንዳንዴም ትርጉሙ ከማም ወደ ስፓኒሽ፣ ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ በሁለት ሰው ይሻገራል። ያኔ ጊዜው እጥፍ ይያዝ።

የማሽን ትርጉም ለማስታወቂያ ረቂቅ ይረዳል። ለአዋቂ ሰው በ«ኡስቴድ» መናገር ሲገባ በ«ቱ» ይጀምርና መሐል ላይ ይቀላቅላል፤ ጎረምሳ ሽማግሌን አንተ ሲል የሚሰማውን የአማርኛ አንባቢ አያጣውም። ቀንም ይታይ፦ 03/07 ለአሜሪካ ቢሮ ማርች 7 ነው፤ ለሆንዱራስ ሰው ደግሞ ጁላይ 3። ወሩ ሁልጊዜ በፊደል ይጻፍ። ለፍርድ ቤት ወረቀት የማሽን ትርጉም ፈጽሞ አይቅረብ።

ዋትስአፕ

ከሁሉም በላይ የሚሠራው መሣሪያ ይህ ነው። ኢሜይል አይነበብም፤ ፌስቡክ ለማስታወቅ እንጂ ለመድረስ አይሆንም። ይሁንና ማዕከሎች በብዛት የሚከፍቱት ተራ ቡድን (ግሩፕ) ለዚህ ሥራ የከፋው ምርጫ ነው። የእያንዳንዱ አባል ስልክ ለሌላው ሁሉ ይታያል፤ አጭበርባሪው ኖታሪዮም፣ ደመወዝ የሚበላው አሠሪም አባል ሆኖ ይገባል። የብሮድካስት ዝርዝር ቁጥሮችን ይደብቃል፤ ግን በአንድ ዝርዝር 256 ሰው ብቻ ይይዛል፣ መልእክቱም የሚደርሰው የማዕከሉን ቁጥር በስልኩ ለመዘገበ ሰው ብቻ ነው። «መልእክት አልደረሰኝም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነውና ምዝገባው ላይ ቁጥሩ በፊት ለፊት ይቀመጥ። ለሕዝብ ማስታወቂያ ቻናል ይሻላል፤ ተከታዮች እርስ በርስ አይተያዩም።

ስልኩ የማዕከሉ ይሁን፣ የግለሰብ አይሁን። ነጻ የሆነው የዋትስአፕ ቢዝነስ መተግበሪያ ከሰዓት ውጭ የሚላክ አውቶማቲክ መልስ፣ የተዘጋጁ አጫጭር መልሶችና መለያ ምልክቶች አሉት፤ ሌላ የሚከፈልበት ሥርዓት አያስፈልግም። ሰው የድምፅ መልእክት መላክ ይወዳል፤ ለማንበብ የሚቸገረው ደግሞ ሌላ አማራጭ የለውም። ስለዚህ ማስታወቂያው በጽሑፍም በድምፅም ይውጣ፤ ድምፁ ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ። የወረቀት ፎቶ ሲላክ አይቶ ወዲያው ማጥፋት፤ የስልኩ የፎቶ ማስቀመጫ በራሱ እንዳያስቀር ቅንብሩ ይዘጋ።

የእንግሊዝኛ ትምህርት

ዩኤስኤ ለርንስ የሚባለው የሳክራሜንቶ ካውንቲ የትምህርት ቢሮ ያዘጋጀው ድረ ገጽ ነጻ ነው፤ ለጀማሪ በቂ ቪዲዮና ልምምድ አለው። ብቻውን ግን አያስተምርም። ኮምፒውተር ያልነካ ሰው የመመዝገቢያ ገጹን አያልፍም፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ለኢሜይል መክፈቻና ለይለፍ ቃል ይመደብ። በክፍል ለሚሰጠው ትምህርት ደግሞ መጽሐፍ በምዕራፍ ተራ ማስተማር ይከሽፋል። ግንባታ ላይ የሚሠራ ዝናብ ሲጥል ይመጣል፤ ምግብ ቤት የሚሠራ ፈረቃው ሲቀየር ይቀራል። እያንዳንዱ ትምህርት በራሱ የሚቆም፣ ያለፈውን የማይጠይቅ መሆን አለበት፦ የደመወዝ ወረቀት ማንበብ፣ ታምሜ አልመጣም ብሎ መደወል፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን መረዳት። 90 ደቂቃ ይበቃል።

ደረጃ ለመለየት ረጅም ፈተና አያስፈልግም። ስምና አድራሻ እንዲጽፉ፣ አንድ የስፓኒሽ ዓረፍተ ነገርም እንዲያነቡ ማድረግ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። በስፓኒሽ ማንበብ የማይችል ሰው ከሚችለው ጋር አንድ ክፍል ከተቀመጠ በሁለተኛው ሳምንት ይቀራል፤ የቀረበትንም ምክንያት ለማንም አይናገርም። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው የሜክሲኮ መንግሥት በውጭ ላሉ አዋቂዎች የዘረጋው ፕላሳስ ኮሙኒታሪያስ የተባለው ፕሮግራም አለ፤ በስፓኒሽ ማንበብና መጻፍ ያስተምራል፣ የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ ትምህርትም ያስጨርሳል። በአቅራቢያው ያለው የሜክሲኮ ቆንስላ ይጠየቅ።

የዜግነት ፈተና ዝግጅት ክፍል ብዙ ማዕከሎች ከመጀመሪያው ያውጃሉ፤ ለአዲስ መጤ ግን ገና ሩቅ ነው። የሚከፍተው ካለ እንኳ አንድ ነገር ይወቅ፦ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 20፣ 2025 ጀምሮ ያመለከተ ሰው የሚፈተነው በአዲሱ ባለ 128 ጥያቄ ዝርዝር ነው፤ እስከ 20 ይጠየቃል፣ 12 መመለስ አለበት። ከዚያ በፊት ያመለከተው በአሮጌው ነው፤ 100 ጥያቄ፣ እስከ 10 ይጠየቃል፣ 6 ይመልሳል። በልገሳ የሚመጡት መጻሕፍት ደግሞ በብዛት አሮጌዎቹ ናቸው።

ግብር

ቪታ የሚባለው የአይአርኤስ ፕሮግራም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች በሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ግብር በነጻ ያስሞላል። ሥልጠናውና ፈተናው በኢንተርኔት ነው፤ እያንዳንዱ መግለጫ ከመላኩ በፊት በሁለተኛ ሰው ይታያል። በዚህ ግምገማ ውስጥ ካሉት ሁሉ በጥራት ቁጥጥሩ የሚበልጠው ይህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ግን የራስን ጣቢያ ከመክፈት ነባሩን የቪታ ቡድን በየካቲትና በመጋቢት ጥቂት ቅዳሜዎች መጋበዝ ይሻላል።

የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ለሌለው የሚሰጠው የግብር መለያ ቁጥር፣ አይቲን፣ በቅጽ ደብሊው-7 የሚጠየቅ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከግብር መግለጫው ጋር አብሮ ይላካል። ዋናውን ፓስፖርት ወይም ያወጣው መሥሪያ ቤት ያረጋገጠውን ቅጂ ይፈልጋል፤ ኖታሪ የመታው ቅጂ ይመለሳል። ፓስፖርትን በፖስታ ልኮ ሳምንታት መጠበቅ ጉዳይ ላለው ሰው አደጋ ነውና፣ ፓስፖርቱን አይቶ የሚመልስ አይአርኤስ የፈቀደለት ወኪል ይፈለግ። ሦስት ዓመት በተከታታይ በግብር መግለጫ ላይ ያልዋለ አይቲን ጊዜው ያልፍበታል። አይአርኤስና የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 መረጃ ለመለዋወጥ ስምምነት ፈርመዋል፤ ነገሩ በፍርድ ቤት ክርክር ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ «ግብር መክፈል ምንም አያመጣም» ብሎ ቃል መግባት የበጎ ፈቃደኛ ሥራ አይደለም፤ ጥያቄው ወደ ጠበቃው ይሂድ።

ክፍሉ፣ መድኑ፣ በሩ

የቤተ መጻሕፍት ክፍል ነጻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ስብሰባው ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ይጠየቃል፣ ለምስጢራዊ ንግግርም አይመችም። ትምህርት ቤት በክረምት ዕረፍት ይዘጋል። የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ከሁሉ የሚሻለው ሆኖ ይገኛል፤ ወጥ ቤትና የልጆች ክፍል አለው። ይሁንና «ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ማንም አይገባም» የሚለው እምነት አሁን አይሠራም፤ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ወደ አምልኮ ቦታዎችና ትምህርት ቤቶች እንዳይገቡ ይገድብ የነበረው መመሪያ በጃንዋሪ 2025 ተሽሯል። ስለዚህ ለሕዝብ ክፍት የሆነው የመቀበያ ቦታ ከውስጥ ክፍሎች በበርና «ለሠራተኞችና ለባለጉዳዮች ብቻ» በሚል ጽሑፍ ይለይ። በዳኛ የተፈረመ ትእዛዝና የኢሚግሬሽን መኮንን የፈረመው አስተዳደራዊ ቅጽ አንድ አይደሉም፤ በየፈረቃው ወረቀቱን ተቀብሎ የሚያነብ፣ ለጠበቃ የሚደውል፣ ፈቃድ እንደማይሰጥ በጨዋነት የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ይመደብ። የቀሩት አይከራከሩ፣ አይዋሹ፣ ሰው አይደብቁ። ሥልጠናውን ጠበቃ ይስጥ።

አከራዮች ብዙውን ጊዜ የ1 ሚሊዮን ዶላር የኃላፊነት መድን ይጠይቃሉ፤ ስማቸውም በመድኑ ላይ እንዲካተት ይፈልጋሉ። የ1997ቱ የበጎ ፈቃደኞች ጥበቃ ሕግ ግለሰቡን ከተራ ቸልተኝነት ተጠያቂነት ይጠብቃል እንጂ ድርጅቱን አይጠብቅም፤ መኪና ሲነዳ የደረሰንም አይሸፍንም። ባለጉዳይን በግል መኪና ማመላለስ የሚከለከለው ለዚህ ነው። ልጆች የሚጠበቁበት ክፍል ካለ፣ በልጆች ላይ የሚደርስ ጥቃት በመደበኛው መድን ብዙ ጊዜ ስለማይካተት ለብቻው ይገዛ፤ ክፍሉ ውስጥም ሁልጊዜ ሁለት አዋቂዎች ይኑሩ።

መዝገቡ

የሚጻፈው ይህ ብቻ ነው፦ የመጀመሪያ ስም፣ ስልክ፣ ቋንቋ፣ የመጡበት ጉዳይ፣ የተላኩበት ቦታ። የኢሚግሬሽን ሁኔታ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የ«ኤ» ቁጥር አይጻፉም። ያልተጻፈ ነገር በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊወሰድ፣ በስርቆትም ሊወጣ አይችልም። ገንዘብ ሰጪ ድርጅት ዝርዝር መረጃ ቢጠይቅ ድምር ቁጥር ይሰጠው፤ አልበቃኝም ካለ ገንዘቡ ይቅር። ወረቀቶቹ ከ90 ቀን በኋላ ይከተፉ።

ሙሉ ስም የግድ በሚሆንበት ቦታ ላይ፣ ሁለቱ የቤተሰብ ስሞች ሁለቱም ይጻፉ። ማሪያ ሎፔስ ጋርሲያ በ«ሎ» እንጂ በ«ጋ» ሥር አትመዘገብም፤ ሎፔስ የአባቷ፣ ጋርሲያ የእናቷ ነው። የአሜሪካ ቅጽ ሎፔስን የመካከለኛ ስም ያደርገውና አንዷ ሴት በሁለት ቢሮ ሁለት ሰው ሆና ትገኛለች። የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም የሆነበት የአማርኛ አንባቢ ለዚህ ማብራሪያ አያሻውም። ደንቡ፣ ስሙ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለ በሁሉም ቅጽ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ። ልጆችን በሕዝብ ትምህርት ቤት ማስመዝገብ በ1982ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት የፕላይለር ውሳኔ የተጠበቀ መብት ነው፤ ከዘመድ ጋር ተዳብሎ የሚኖር ቤተሰብ ደግሞ ቋሚ መኖሪያ ለሌላቸው ልጆች በወጣው በማኪኒ-ቬንቶ ሕግ ወረቀት ሳይሟላ ወዲያው ማስመዝገብ ይችል ይሆናልና የትምህርት ቤቱ አስተባባሪ ይጠየቅ። ለሐኪም፣ እንደ ገቢ መጠን የሚያስከፍሉት በፌዴራል የሚደገፉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ይቀድማሉ። ደመወዝ የተከለከለ ሰው ለሠራተኛ ሚኒስቴር የደመወዝና የሥራ ሰዓት ክፍል ያመለክታል፤ የፌዴራሉ የጊዜ ገደብ በመደበኛው 2 ዓመት ነው። የምግብ ማከፋፈያ በመጀመሪያው ዓመት አይጀመር፤ ማቀዝቀዣ፣ ቁጥጥርና በሳምንት ብዙ እጅ ይፈልጋል፣ ሌላውንም ሥራ ይውጠዋል።

ፈረቃ

አንድ የሦስት ሰዓት ፈረቃ አራት ሰው ይፈልጋል፦ ተቀባይ፣ ሁለት ጉዳይ የሚያዩ፣ አንድ ኃላፊ። አራት ሰው በአስተማማኝ ለማግኘት በዝርዝሩ ላይ ከ12 እስከ 14 ሰው መኖር አለበት፤ ሰው ይታመማል፣ ፈተና ይደርስበታል፣ ይጓዛል። ለመርሐ ግብሩ ሳይንአፕጂኒየስ የሚባለው የፈረቃ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ነጻ ስሪት ይበቃል፤ ማስታወቂያው ያሰለቻል እንጂ ይሠራል። ግብር ነጻነት ያለው ድርጅት የጉግልን የቢሮ መሣሪያዎች በነጻ ስለሚያገኝ ኢሜይሉና ሰነዶቹ እዚያ ይሁኑ፤ የአስተዳዳሪነቱን ቁልፍ ሁለት ሰዎች ይያዙት። በሳምንት ሁለት ቀን ሳይቀያየር የሚከፈት ማዕከል፣ አምስት ቀን አውጆ ሁለቱን ከሚዘጋው ይበልጣል፤ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ የመጣ ሰው የተዘጋ በር ካገኘ ተመልሶ አይመጣም፣ ለሚያውቃቸውም እንዳይሄዱ ይነግራል። ኃላፊው ወይም ከሁለቱ ጉዳይ ተመልካቾች አንዱ ከቀረ የሚሠራው ትምህርቱና ቀጠሮ መፈተሹ ብቻ ይሁን፤ ከእነዚህ ከሦስቱ ሁለቱ ከቀሩ ፈረቃው ይሰረዝና ማስታወቂያው በዋትስአፕ ቻናሉ ላይ ፈረቃው ሊጀመር ቢያንስ አራት ሰዓት ሲቀረው፣ በጽሑፍም በድምፅም ይውጣ።